ዋጋው ያለው ከወረቀቱ ጀርባ ነው

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ሶፋ ፍለጋ ወጣን። ሜሪላንድ ውስጥ፣ እኛ ሐበሾች ከምንበዛበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ «እስቴት ሴል» የሚሉት ነገር ነበር። ለማታውቁት፣ ባለቤቱ ሲሞት ወይም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገባ የቤቱ ዕቃ ባለበት ዋጋ ይለጠፍበትና በሩ ለሁሉም ይከፈታል። ከማንኪያ እስከ ፒያኖ። ሶፋውን ድመት ስትቧጭረው ኖራለች፣ ተውነው። ኮሪደሩ ላይ ግን አንድ ነገር ዓይናችንን ያዘው። ነጭ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ቀይና ነጭ የሾርባ ጣሳ። የአሜሪካው የካምቤል ኩባንያ የቲማቲም ሾርባ። የተለጠፈበት ዋጋ 900 ዶላር።

«ዋርሆል ነው» አለች ሽያጩን የምታስተባብረው ሴትዮ፣ ስናፈጥበት አይታ። ታዋቂውን አሜሪካዊ ሠዓሊ አንዲ ዋርሆልን ማለቷ ነው።

ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ይሄ ነገር ሚሊዮን አይደል እንዴ የሚያወጣው?» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ የባንክ ሂሳቡን ማየት ጀምሯል።

ጀርባውን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ቅር እያላት ከግድግዳው አወረደችው። ፍሬሙ ርካሽ ነው፤ ከኋላ ትንንሽ ብረቶች ታጥፈው ካርቶኑን ይዘውታል። ብረቶቹን በጥፍሬ ቀና ቀና አደረግኩና ካርቶኑን አነሳሁት። ከወረቀቱ ጀርባ በሰማያዊ ቀለም የተመታ ማህተም አለ። አሳታሚው «ሰንደይ ቢ. ሞርኒንግ» መሆኑን ይናገራል። ከሱ ጋር ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አለ፦ «ፊርማህን ራስህ ሙላ»።

ጓደኛዬ ቀልድ መሰለው። አልተሳሳተም፣ ቀልድም ነው። ግን ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቀልድ ነው፣ ስንቱን ሰው ኪሱን አስዳብሶታል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ እንዲህ ዓይነት ህትመት በኢንተርኔት ጨረታ እንደ ልብ ስለሚሸጥ፣ ሳሎኑ ውስጥ «ዋርሆል» የሚሰቅለው ሰው ሀብታም ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ አይከፋም። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአሠራሩ እንጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ ለምርቃት፣ ለማኅበር ጉዞ ወይም ለምርጫ ቅስቀሳ ቲሸርት ያሳተመ ሰው ስክሪን ፕሪንትን ያውቀዋል። ፍሬም ላይ እንደ ወንፊት የሳሳ ጨርቅ ይወጠራል። ቀለም እንዲያልፍበት የማይፈለገው ቦታ ይደፈናል። ከዚያ ቀለም ይፈስበትና በላስቲክ መጥረጊያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሳባል፤ ባልተደፈነው በኩል ያለፈው ቀለም ከሥር ካለው ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ወንፊት። ቀዩ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው፣ ወርቃማው ለብቻው። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ከመጣ ይበላሻል፣ ወንፊቱ በሚሊ ሜትር ከተንሸራተተ ደግሞ ፊደሉ ከቀለሙ ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። ኒው ዮርክ የታተመው የዋርሆል ሾርባና የእናንተ የምርቃት ቲሸርት በአሠራር ወንድማማቾች ናቸው።

ችግሩም ውበቱም እዚህ ላይ ነው። ዘዴው የተፈጠረው ለመደጋገም ነው። ወንፊቱ ያለው ሰው መቶም ሁለት መቶም ማተም ይችላል፣ መቶኛው ከመጀመሪያው የሚለይበት ምክንያት የለም። ታዲያ አንዱ ወረቀት 200 ዶላር፣ ያው የሚመስለው ሌላው ወረቀት ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣው ለምንድነው? ፊት ለፊቱን ስታዩት መልስ አታገኙም። መልሱ ጀርባው ላይ ነው፤ ስለ ወረቀቱ የተጻፈውና የተመታው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። እኔ ይህን ገበያ ስከታተል የገባኝ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፦ ሥዕሉን ማንም ያትመዋል፣ የሚሸጠው ጀርባው ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። አንዲ ዋርሆል በ1961 መጨረሻ ላይ የማስታወቂያ ሠዓሊ ሆኖ ጥሩ ገንዘብ የሚያገኝ፣ «ከፍተኛ ጥበብ» ከሚባለው ዓለም ግን በር ላይ የቆመ ሰው ነበር። ምን ልሣል ብሎ ሲጨነቅ ሙሪየል ላቶው የምትባል የጋለሪ ባለቤት ሐሳብ ሸጠችለት ይባላል፣ በ50 ዶላር ቼክ። ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ሣል፣ ለምሳሌ የሾርባ ጣሳ። ሐሳብ በደረሰኝ ሲሸጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በሐምሌ 1962 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌረስ በተባለ ጋለሪ 32 የሾርባ ጣሳ ሥዕሎች ለዕይታ ቀረቡ፣ በወቅቱ ኩባንያው ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ የሾርባ ዓይነት አንድ። ሰው ሳቀ። ጎረቤት ያለ ሌላ ጋለሪ እውነተኛ የሾርባ ጣሳዎች መስኮቱ ላይ ደርድሮ «እኛ ጋ ርካሽ ነው» ዓይነት ቀልድ ቀለደ። የአንዱ ሥዕል ዋጋ 100 ዶላር ነበር። ጋለሪውን የሚመራው ኧርቪንግ ብለም ጥቂቶቹን ከሸጠ በኋላ አይ፣ እነዚህ መለያየት የለባቸውም ብሎ ከገዢዎቹ አስመለሳቸውና 32ቱንም ራሱ በ1,000 ዶላር ገዛ፣ በየወሩ መቶ መቶ እየከፈለ። በ1996 ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስቡን ሲወስድ የተጠራው ዋጋ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እነዚያ የ1962ቱ ጣሳዎች ስክሪን ፕሪንት አይደሉም። ሸራ ላይ በእጅ የተቀቡ ናቸው። ዋርሆል ወንፊቱን የያዘው ከነሱ በኋላ፣ እዚያው 1962 ውስጥ ነው። እንደ እኛ ያለ ሰው በጨረታ ወይም በጋለሪ ሊያገኘው የሚችለው ወረቀት የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

በ1968 ዋርሆል «ፋክተሪ አዲሽንስ» በሚባል የራሱ ማሳተሚያ በኩል አሥር የሾርባ ጣሳዎችን በወረቀት አወጣ። ጥቁር ባቄላ፣ ዶሮ በኑድል፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ አትክልት፣ የበሬ ሥጋ፣ አተር፣ ፔፐር ፖት፣ ኮንሶሜ፣ የእንጉዳይ ክሬም። ያተመው ኒው ዮርክ ውስጥ ሳልቫቶሬ የሚባል የስክሪን ማተሚያ ቤት ነው፤ ዋርሆል ራሱ መጥረጊያ ይዞ አልቆመም። ወረቀቱ 89 በ58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እያንዳንዱ ጣሳ 250 ቅጂ ታተመ፣ በዚያ ላይ ከኤ እስከ ዜድ በፊደል የተለዩ 26 የሠዓሊው ቅጂዎች አሉ። በ1969 ሌላ አሥር ዓይነት በዚያው ልክ ተጨመረ፣ ከነዚህ ውስጥ የኦይስተር ወጥና ሆት ዶግ በባቄላ ይገኙበታል (ማን እንደሚበላው እንጃ)። ደምሩት፦ 20 ዓይነት፣ እያንዳንዱ 276። 5,520 ወረቀት። ለአንድ «ብርቅ» ለሚባል ነገር ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ለማነጻጸር፣ ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ ኤድ ሩሼ በ1966 ያሳተመው ታዋቂው የነዳጅ ማደያ ህትመት 50 ቅጂ ብቻ ነው።

አሁን ፊርማውን ፈልጉ። ፊት ለፊት የለም። ዋርሆል እነዚህን የፈረመው ከጀርባ ነው፣ በተራ እስክሪብቶ። ቁጥሩም እዚያው ከጀርባ በላስቲክ ማህተም ተመቷል። ቢሮ ውስጥ «ተከፍሏል» ተብሎ እንደሚመታው ማለት ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ጥበብን ከፋብሪካ ምርት ጋር ያምታታው ሰው ፊርማውን እንደ መጋዘን ቁጥር ከኋላ ደበቀው። እስከ ዛሬ ድረስ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የዋርሆል ሾርባ አይታችሁ እውነተኛ ይሁን አይሁን ማለት የማትችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከአሥሩ ውስጥ ደግሞ ሁሉም እኩል አይደሉም። ያው ወረቀት፣ ያው ማተሚያ ቤት፣ ያው ፊርማ፣ ያው ብዛት፣ ሆኖም ቲማቲሙ ብዙውን ጊዜ ከኮንሶሜው በብዙ ይበልጣል። ምክንያቱ ሰው የሚያውቀውን ጣሳ ይፈልጋል፣ በቃ። ገዢው «ዋርሆል» ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ቲማቲም ነው። እኔ በበኩሌ ገንዘቡ ቢኖረኝ ፔፐር ፖቱን እገዛ ነበር። ስሙም ያምራል፣ ሻሚውም ያነሰ ነው።

ሰንደይ ቢ. ሞርኒንግ የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1970 አካባቢ ዋርሆል ቤልጂየም ውስጥ ካሉ ሰዎች ጋር ታዋቂ ሥራዎቹን ድጋሚ ለማሳተም ተነጋገረ። የብዙ ምርት፣ የቅጂ፣ የማን-ሠራው ጨዋታ ስለሆነ ሐሳቡ የሱው ጠባይ ነበር። ከዚያ ግንኙነቱ ተበላሸ፣ ህትመቱ ግን ያለ እሱ ቀጠለ። ጀርባው ላይ ያ ማህተም ተመታ፦ ፊርማህን ራስህ ሙላ። ዋርሆል አንዳንዶቹ ሲቀርቡለት «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ጽፎ ከሥሩ አንዲ ዋርሆል ብሎ ፈርሟል። አስቂኙ ነገር፣ «የእኔ አይደለም» የሚለው ፊርማ ያለበት ወረቀት ካልተፈረመው እጅግ የበለጠ ዋጋ አለው። የመጀመሪያዎቹ ማህተማቸው ጥቁር ነው፣ በኋላ የወጡት ሰማያዊ ናቸው፣ ሰማያዊዎቹ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እየታተሙ ሲሸጡ ቆይተዋል። ጥቁሩ የራሱ ሰብሳቢዎች አሉት። ሰማያዊው አዲስ የቤት ጌጥ ነው፣ ጥሩ ህትመት ነው፣ እውነተኛ ስክሪን ፕሪንት ነው፣ ዋጋው ግን ከጥቂት መቶ ዶላር አይዘልም።

«እውነተኛ ስክሪን ፕሪንት ነው» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ብዙ የመግዣ ምክር የሚሰጡ ሰዎች አጉሊ መነጽር ያዙ ይላሉ። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ተራ ፖስተር በመነጽር ሲታይ ቀለሙ በጣም ደቃቅ በሆኑ ነጠብጣቦች የተሠራ ነው፣ እንደ ጋዜጣ ፎቶ። ስክሪን ፕሪንት ላይ ግን ቀለሙ ሙሉ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ተኝቶ ይታያል፣ ጠርዙም ስል ነው። ስለዚህ መነጽሩ ፖስተርን ያጋልጣል። ሰንደይ ቢ. ሞርኒንግን ግን አያጋልጥም። ጎበዝ ፎርጅድ ሠሪንም አያጋልጥም፣ እሱም ወንፊት መግዛት ይችላላ!

ታዲያ ማን ይፍረድ? እስከ 2012 ድረስ ፈራጅ ነበር። በስሙ የተቋቋመው የዋርሆል ፋውንዴሽን ያቆመው አንድ የማረጋገጫ ቦርድ ከ1995 ጀምሮ ሥራዎችን እየተቀበለ የእሱ ነው፣ አይደለም ይል ነበር። አይደለም ሲል ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? ሥራው ጀርባ ላይ «ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ማህተም ይመታበታል። አሁንም ጀርባው! አንድ ሰብሳቢ በ2007 ቦርዱን ከሰሰ፤ ክሱ ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ቢቋረጥም ፋውንዴሽኑን ለጠበቃ ብቻ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስወጣው። ገንዘቡን ለአርቲስቶች ድጋፍ ባውለው ይሻላል አለና ቦርዱን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻ ቃል የሚሰጥ አካል የለም። ያለው የህትመቶቹ ዝርዝር መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ህትመት እዚያ ውስጥ ቁጥር አለው፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ጣሳዎች ከ44 እስከ 53 ያለውን ይዘዋል፣ ቲማቲሙ 46 ነው። መዝገቡ ግን ምን እንደታተመ ይነግራችኋል እንጂ እጃችሁ ላይ ያለው እሱ ስለመሆኑ አይመሰክርም።

ይህ ክፍተት ማንን እንደጠቀመ ለመገመት አይከብድም። በ2025 ማያሚ ውስጥ አንድ የጋለሪ ባለቤት ሐሰተኛ ዋርሆሎችን ሸጧል ተብሎ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሰ፣ ኤፍ ቢ አይ ጋለሪውን ፈተሸ። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሲነሳ ሐሰተኛው ሥዕሉ ብቻ አይሆንም፤ አብረውት የሚመጡ ወረቀቶች፣ ደረሰኞችና የምስክር ወረቀቶችም ይጠረጠራሉ። ገዢው የሚገዛው ወረቀቱን መሆኑን አጭበርባሪውም ያውቃላ። ስለዚህ ከጥሩ ህትመት ጋር «የትክክለኛነት ሰርተፍኬት» የሚባል የሚያብረቀርቅ ነገር ሲሰጣችሁ ቀድማችሁ አትደሰቱ። ማን ፈረመው? አድራሻው አለ? ሰርተፍኬት ማተም ሾርባ ከማተም ይቀላል። እኔ ከሰርተፍኬት ይልቅ የቆየና የተጨማደደ የጋለሪ ደረሰኝ አምናለሁ፣ ወይም ፍሬሙ ጀርባ ላይ የቀረ የድሮ ጨረታ ቁራጭ ወረቀት። የማን ነበር፣ ከማን ወደ ማን ሄደ የሚለው ሰንሰለት ከሌለ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሰንሰለቱ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። በሚያዝያ 2016 ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ካለው ከስፕሪንግፊልድ የጥበብ ሙዚየም ከአሥሩ የ1968 ጣሳዎች ሰባቱ በሌሊት ተሰረቁ። የበሬ ሥጋ፣ አትክልት፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ አተር፣ ዶሮ በኑድል፣ ጥቁር ባቄላ። ሌባው ፔፐር ፖቱን፣ ኮንሶሜውንና እንጉዳዩን ትቶ ሄደ (ገበያውን ያውቃል ማለት ነው? ወይስ እጁ ሞላ?)። ሙሉ ስብስቡ ያኔ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቶ ነበር፣ ኤፍ ቢ አይም 25,000 ዶላር ወሮታ አቀረበ። የሙዚየሙ ስብስብ ቁጥር 31 ነው። ማለትም የሆነ ቦታ ጀርባው ላይ 31 የተመታበት ቲማቲም አለ። አንድ ሰው በጥሩ ዋጋ ቲማቲም ቢያመጣላችሁና ጀርባውን አላሳይም ቢል፣ ወይም ጀርባው ካርቶን ላይ በሙጫ ተለጥፎ ቢሆን፣ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ሙጫ ካነሳን አይቀር፣ ድሮ ፍሬም ሠሪዎች ወረቀቱ እንዳይሸበሸብ ብለው ካርቶን ላይ አጥብቀው ይለጥፉት ነበር። ያኔ የ50 ዶላር ጌጥ ነው፣ ማን ያስባል። ዛሬ ያ ሙጫ ግማሹን ዋጋ ሊበላ ይችላል። ወረቀቱን ስለሚጎዳ ብቻ አይደለም፣ ፊርማውንና ቁጥሩን ለዘላለም ስለሚሸፍን ነው። ሌላው ጠላት ፀሐይ ነው። የካምቤል ቀይ መስኮት ትይዩ ለዓመታት ከተሰቀለ ወደ ብርቱካንማ ይሸሻል። አሲድ ያለበት ርካሽ ካርቶን ደግሞ በዙሪያው ቡናማ መስመር ይተዋል። ፍሬሙን ሲያወርዱት ፍሬሙ ሸፍኖት የነበረው ጠርዝ ከመሐሉ የተለየ ቀለም ካለው፣ ወረቀቱ ብዙ ፀሐይ ጠጥቷል።

ገበያው ውስጥ የተደበቀ ወጪም አለ። አጫራች ድርጅቶች መዶሻው ከመታበት ዋጋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ከገዢው ይወስዳሉ። አሜሪካ ውስጥ አትርፋችሁ ስትሸጡ ደግሞ የሰብሳቢ ዕቃ ከአክሲዮን በተለየ መንገድ ነው የሚታየው፣ ከአንድ ዓመት በላይ ይዛችሁት እንኳ ግብሩ እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል። «ኢንቨስትመንት ነው» ለሚላችሁ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስታውሱት።

በ2023 ግንቦት ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ዋርሆል አንድ ውሳኔ ሰጠ። ጉዳዩ ሾርባ አልነበረም፣ ዋርሆል ከፎቶግራፍ ተነስቶ የሠራው የዘፋኙ ፕሪንስ ምስል ነው፣ ፎቶ አንሺዋ 7 ለ 2 አሸነፈች። ሾርባው ግን እዚያ ውሳኔ ውስጥ ገብቷል፣ ለዚያውም በደጉ ጎን። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሶቶማዮር የጣሳው መለያ የተሠራው ሾርባ ለመሸጥ ነው፣ የዋርሆል ሥዕል ግን ሾርባ አይሸጥም፣ ስለ ሸቀጥ ራሱ የሚናገር ነው የሚል መከራከሪያ አስፍረዋል። ዛሬ የሌላ ኩባንያ ጠርሙስ ወይም ብስኩት ወረቀት ላይ አትሞ መሸጥ ለሚፈልግ ወጣት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለ ዕቃው የምትለው ነገር ካለህ አንድ ነገር ነው፣ ዕቃው ስላማረ ብቻ ከወሰድከው ሌላ።

ኩባንያው ራሱ ምን አለ? በ1964 አንድ የኩባንያው የገበያ ኃላፊ ለዋርሆል የአድናቆት ደብዳቤ ጽፎ የቲማቲም ሾርባ በካርቶን ልኮለታል። በ2012 የመጀመሪያው ዐውደ ርእይ 50ኛ ዓመት ሲከበር በዋርሆል ቀለም የተጠቀለሉ እውነተኛ ጣሳዎችን በ75 ሳንቲም ሸጠ። በ2024 ደግሞ «ሾርባ» የሚለውን ቃል ከድርጅቱ ስም አወጣው። ስሙ ላይ ሾርባ የቀረው እነዚያ ወረቀቶች ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የአንዲ ሾርባ አቅማችሁን ካለፈ ለቅሶ የለም። እንዲያውም እኔ የምወዳቸው ሌሎች ናቸው። እንግሊዛዊው ፓትሪክ ኮልፊልድ ማሰሮ፣ ፋኖስና የኮት መስቀያ በወፍራም ጥቁር መስመርና በጠፍጣፋ ቀለም ሲያትም ኖሯል፣ ዝም ያለ ቤት ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት መነኩሴ አለች። ሲስተር ኮሪታ ኬንት ሎስ አንጀለስ ውስጥ የካቶሊክ ገዳም መምህርት ነበረች፣ ስክሪን ፕሪንት ታስተምራለች። በ1962 ያንን የዋርሆል ዐውደ ርእይ አየች። በዚያው ዓመት አንድ የፋብሪካ ዳቦ መጠቅለያ ላይ ያሉትን ባለቀለም ክቦች ወስዳ ህትመት ሠራች፤ ክቦቹ ዳቦውንም የቁርባኑን ኅብስትም ያስታውሳሉ። ከዚያ የቲማቲም ማስታወቂያ መፈክር ወስዳ ስለ ድንግል ማርያም አደረገችው። የሎስ አንጀለሱ ሊቀ ጳጳስ አልወደዱላትም። በ1968 ከገዳሙ ወጣች። ሰው ቤት እንዲገባላት ስለምትፈልግ ህትመቶቿን ሆን ብላ በርካሽ ትሸጥ ነበር፣ ብዙዎቹ ላይም ቁጥር አልጻፈችም። ለሰብሳቢ ይህ ራስ ምታት ነው፣ ስንት እንደታተመ ቆጥሮ «ብርቅ» ማለት አይችልም። እኔን ደስ የሚለኝ ግን እሱው ነው። ከዋርሆል ጋር ሲነጻጸር ዋጋዋ ዛሬም ለተራው ሰው የሚቀመስ ነው።

ሶፋ ፍለጋ የወጣነው ጓደኛዬ ይህን ሁሉ መኪና ውስጥ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። «ታዲያ ዝም ብሎ ቆንጆ ነገር ነው ማለትህ ነው?» አለኝ በመጨረሻ። አዎ አልኩት፣ ቆንጆ ነው፣ 900 ግን አያወጣም። እንደዚህ ዓይነት ሽያጭ ሁለተኛው ቀን ላይ ዋጋው ብዙውን ጊዜ በግማሽ ይወርዳል። እሑድ ጠዋት ብቻውን ተመልሶ ሄደ፣ ጀርባውን ገልብጦ ማህተሙን ለሴትዮዋ አሳያትና 200 ላይ ተስማሙ።

አሁን ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከበርበሬው ዕቃ በላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ቡና ልጠጣ ስሄድ አውርዶ ጀርባውን አሳየኝ። «ፊርማህን ራስህ ሙላ» ከሚለው ሰማያዊ ማህተም ሥር፣ በእስክሪብቶ፣ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል ስሙን ከነአባቱ ጽፎበታል።